የፒኤችዲ ማመልከቻው «የትኩረት መስክ ይምረጡ» ሲል ምን እንሙላ? ለባዮሜዲካል ሳይንስ አመልካቾች

ኅዳር ሲገባ ሐረርና ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። ሕይወት ፋና ሆስፒታል ላብራቶሪ የሚሠራው፣ ድል ጮራ ሆስፒታል ፋርማሲ ያለችው፣ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የሚያስተምረው፣ ብዙዎች ማመልከቻ ከፍተው ቁጭ ብለዋል። ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ ትራንስክሪፕት፣ እዚህ ድረስ ችግር የለም። ከዚያ «የትኩረት መስክ ይምረጡ» የሚል ሳጥን ይመጣል። ሲከፍቱት ኢሚውኖሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ጄኔቲክስ፣ ፋርማኮሎጂ፣ ኒውሮሳይንስ፣ የካንሰር ባዮሎጂ፣ ባዮኢንፎርማቲክስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። አንዱን ከነካ ቀሪ ዕድሜውን የወሰነ ይመስለዋል። ማመልከቻውን ትቶ ለከርሞ የሚያሳድረውም አለ። ይህ ያሳዝነኛል። አንዳንድ ቦታ ሳጥኑ ሰው የሚፈራውን ያህል አያስርም። ሌላ ቦታ ደግሞ ከሚገመተው በላይ ያስራል። የቱ ጋ ላላ፣ የቱ ጋ ጠበቅ እንደሚል ያወቀ ሰው ጭንቀቱ ግማሽ ይቀንሳል።

ለመሆኑ ባዮሜዲካል ሳይንስ ምንድን ነው?

ሦስት ነገሮች ስለሚምታቱ መጀመሪያ እንለያቸው።

እኛ አገር «ባዮሜዲካል» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የሆስፒታል መሣሪያ የሚተክልና የሚጠግን ባለሙያ ነው። ያ ባዮሜዲካል ምሕንድስና ነው፤ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ባዮሜዲካል ሳይንስ ነው። ሰውነት በጤናው ጊዜ እንዴት እንደሚሠራ፣ በሽታ ደግሞ እንዴት እንደሚያበላሸው ከሞለኪውል ጀምሮ እስከ ሙሉ አካል ድረስ የሚያጠና ሳይንስ ነው። አብዛኛው ሥራ ላብ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው የሐኪም ስፔሻሊቲ ነው። አንድ ሐኪም የውስጥ ደዌ ወይም የሕፃናት ስፔሻሊስት ሲሆን የሚያክመውን ሕመምተኛ ዓይነት ይለያል። ፒኤችዲ ግን ማከም አያስተምርም። የሚያስተምረው ማንም መልስ ያልሰጠበትን ጥያቄ ይዞ፣ በሙከራ ፈትኖ፣ አዲስ እውቀት ማምጣትን ነው። ሐኪሙም፣ ፋርማሲስቱም፣ የእንስሳት ሐኪሙም፣ የባዮሎጂ ምሩቁም ሊገባበት ይችላል።

ሦስተኛው የኅብረተሰብ ጤና ነው። እሱ ሕዝብን ያጠናል፤ ማን ታመመ፣ የት፣ ለምን በዛ ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የሚያመለክቱበት ትምህርት ቤትም የተለየ ነው። ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ማለትም የበሽታን ስርጭት ማጥናት፣ የሚፈልግ ሰው የባዮሜዲካል ሳይንስ ሳጥን ውስጥ ቢፈልገው ላያገኘው ይችላል።

ዘርፎቹ የስማቸውን ያህል ይለያያሉ?

ይለያያሉ፤ የስማቸውን ያህል ግን አይደለም።

ስሞቹ የመጡት ከሕክምና ትምህርት ቤቶች ክፍፍል ነው። አንዱ ክፍል ፊዚዮሎጂ ያስተምራል፣ ሌላው ባዮኬሚስትሪ፣ ሌላው ፋርማኮሎጂ፣ ሌላው ማይክሮባዮሎጂ። የዲኤንኤ ቅርጽ በ1953 እ.ኤ.አ. ከታወቀ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ1970ዎቹ ዘረመልን ቆርጦ መቀጠል ተቻለ። በ1980ዎቹ ፒሲአር መጣ፤ ጥቂት ዲኤንኤን በሚሊዮን የሚያባዛው ዘዴ ማለት ነው። በኮቪድ ጊዜ ስሙን ያልሰማ የለም። ዛሬ የፋርማኮሎጂው ሰውም፣ የኢሚውኖሎጂው ሰውም፣ የካንሰር ተመራማሪውም ተመሳሳይ ማሽን ፊት ይቆማሉ። አንድ ፕሮፌሰር ሦስት አራት ፕሮግራም ውስጥ ተመዝግቦ ከሁሉም ተማሪ መቀበሉ የተለመደ ነው።

በግንብ የታጠረችውን የድሮዋን ሐረር፣ ጁገልን፣ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ግንቡ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። በሸዋ በር ግቡ፣ በቡዳ በር፣ በኤረር በር፣ በሰንጋ በር ወይም በፈላና በር፣ መንገዱ ዞሮ ዞሮ መሀል ፈረስ መጋላ ያወጣችኋል። መጀመሪያ የምታልፉበት ሰፈር ግን እንደ በሩ ይለያያል። ዘርፍም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ኮርሳችሁ፣ አብረዋችሁ የሚማሩት ልጆች፣ በየሳምንቱ የምትሰሙት ሴሚናር፣ የምትፈተኑት ፈተና በዘርፉ ስም ይወሰናል። በመጨረሻ የምትሠሩበት ላብ ግን አንድ ሊሆን ይችላል።

ከድሬዳዋ አንድ ችግር እንውሰድ። በ2022 እ.ኤ.አ. ወባ በማይጠበቅበት በደረቁ ወራት ከተማው ውስጥ ወባ ተነሳ። ተመራማሪዎች ሲያጠኑት አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች፣ ከእስያ በኩል የመጣች ትንኝ እጇ እንዳለበት አገኙ። ይህች ትንኝ በአፍሪካ መጀመሪያ የታየችው በ2012 ጅቡቲ ውስጥ ነው። በ2016 ደግሞ ሶማሌ ክልል ውስጥ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። የኩሬ ውኃና ረግረግ አትጠብቅም። በርሜል፣ ታንከር፣ የግንባታ ውኃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። ውኃ በዕቃ ለሚያጠራቅም ከተማ ይህ ከባድ ነገር ነው። ጥናቱ የተገኘው ጥገኛ ተሕዋስም ተራ እንዳልነበር አሳየ። መድኃኒትን የመቋቋም ምልክትና ከፈጣን ምርመራ የሚያስመልጥ የዘረመል ለውጥ ተገኘበት።

አሁን ይህን ችግር ለመሥራት የምትፈልጉ አምስት ሰዎች ብትሆኑ አምስት የተለያየ ሳጥን ልትሞሉ ትችላላችሁ። ትንኟ የት እንደምትፈለፈልና የትኛው ፀረ ተባይ እንደሚገድላት የሚጠይቅ ሰው ሜዲካል ኢንቶሞሎጂ ይገባል። ከየት እንደመጣች ከዘረመሏ ላይ ሊያነብ የሚፈልግ ጄኔቲክስ ወይም ጂኖሚክስ ይሞላል። መድኃኒቱ ለምን እንደደከመ የሚጠይቅ ወደ ፋርማኮሎጂ ይሄዳል። የሰውነት መከላከያ ለጥገኛው ተሕዋስ እንዴት እንደሚመልስ የሚጠይቅ ኢሚውኖሎጂ ይመርጣል። ፈጣን ምርመራው ያላየውን ሌላ ዘዴ እንዲያየው ማድረግ የሚፈልግ ደግሞ ሞለኪዩላር ባዮሎጂ ውስጥ ቦታ ያገኛል። ከዓመታት በኋላ አምስቱም አንድ ስብሰባ ላይ ይገናኛሉ።

ታዲያ በምን ልምረጥ?

ከስሙ አትነሱ። ከጥያቄው ተነሱ።

የጫትን ጉዳይ ውሰዱ፤ እኛ አካባቢ ከማንም በላይ የምናውቀው ነገር ነው። ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ተለይቶ የታወቀው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ወደ ደከመ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ ገበያው ለትኩስ ቅጠል የሚሮጠውም ለዚህ ነው። ሐረር ላይ በሆስፒታል ሕሙማን የተሠራና በ2018 የወጣ ጥናት ጫት መቃምን ከሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ጋር አያይዞታል። ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ የእናንተ ነው። ጉበቱን የሚጎዳው ምኑ ነው ካላችሁ ቶክሲኮሎጂ ነው። አንዱን የሚጎዳው ሌላውን ለምን ይተወዋል ካላችሁ ጄኔቲክስ ነው። አንጎል ውስጥ ምን አድርጎ ነው ሱስ የሚሆነው ካላችሁ ኒውሮሳይንስ ነው። «ጫት ላይ መሥራት እፈልጋለሁ» ያለ ሰው ገና ዘርፍ አልመረጠም። «ለምን» ወይም «እንዴት» የሚል ጥያቄ ሲያወጣ ዘርፉ ራሱ ይመጣል።

ጥያቄ ከስም በላይ ለመሆኑ ከአገራችን ጥሩ ማስረጃ አለን። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ተሕዋስ የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። «ለምን ሞቱ?» ከሚል ከዚያች አንድ ጥያቄ ተነስቶ ሥራው ወደ ዕፅዋት፣ ወደ ኬሚስትሪ፣ ወደ መርዛማነት ምርመራ ሁሉ ሄደ። ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ሥራውን አንድ የትምህርት ክፍል ስም ብቻ ልስጠው ብትሉ አይበቃውም።

ከጥያቄው ቀጥሎ ዘዴው ይመጣል። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከስሙ እጅግ የሚበልጥ ይመስለኛል። ፒኤችዲ ማለት አንድ ዓይነት ሥራ ለዓመታት በየቀኑ መሥራት ነው። ኢሚውኖሎጂ ስሙ ያምራል፤ በብዙ ላብ ግን ቀኑ ከአይጥ ጋር ያልፋል፣ ማሳደግም መግደልም አለበት። ባዮኢንፎርማቲክስ ከጠዋት እስከ ማታ ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ ነው። ላብ ውስጥ ሴል የሚያሳድግ ሰው ሴሎቹ እሑድ ስለማያውቁ እሑድም ላብ ይሄዳል። ኢንቶሞሎጂ ሌሊት ሜዳ ላይ ያሳድራል። አይጥ መግደል የሚከብደው ሰው ቢኖር አያፍርም፤ ቀድሞ ማወቁ ግን ይጠቅመዋል።

አንድ ቀላል ፈተና አለ። ከሁለት ወይም ከሦስት ዘርፎች ጥቂት የምርምር ጽሑፎች አውርዱ። መግቢያውንና ማጠቃለያውን ተዉት። ሥራው እንዴት እንደተሠራ የሚተርከውን ክፍል አንብቡ። መግቢያ ሁልጊዜ ያጓጓል። የአሠራሩን ክፍል ሳትሰለቹ ከጨረሳችሁት ግን፣ ያ ሥራ ለእናንተ ይሆናል።

አሜሪካ ሳመለክት ምርጫው ምን ያህል ያስረኛል?

ከሁሉም ቦታ የሚላላው እዚህ ነው።

ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች «ጃንጥላ» የሚባል አቀባበል አላቸው። ብዙ ዘርፎች በአንድ ማመልከቻ ሥር ይሰበሰባሉ። የል ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂና የባዮሜዲካል ሳይንስ ፕሮግራሙን በ«ትራክ» ከፋፍሎ ያስመለክታል፤ ተማሪው ከገባ በኋላ ግን ከትራኩ ውጭ ያለ ላብም መሞከር ይችላል። ሳን ፍራንሲስኮ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ «ቴትራድ» የሚለው ፕሮግራም አለው፤ አራት ዘርፎችን አንድ ላይ ስላሰረ ነው ስሙ።

ከገባችሁ በኋላ የመጀመሪያው ዓመት በሮቴሽን ያልፋል። ሮቴሽን ማለት ሁለት ሦስት ላብ ውስጥ ለየተወሰኑ ሳምንታት ሠርቶ መሞከር ነው። እናንተ ላቡን ታዩታላችሁ፣ ላቡም እናንተን ያያችኋል። አማካሪ ፕሮፌሰር የምትመርጡት ከዚያ በኋላ ነው። በሁለተኛው ዓመት አካባቢ የብቃት ፈተና አለ። ሙሉው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 ዓመት ይወስዳል። የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖ የኑሮ ድጎማም ይሰጣል። ማስተርስ የግድ አይደለም፤ ይህን የማያውቅ ብዙ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ልጅ ዕድሉን ያሳልፋል።

ስለዚህ አሜሪካ ስታመለክቱ ሳጥኑን የምትሞሉት «ማመልከቻዬን ማን ያንብብልኝ?» ብላችሁ ነው። ኢሚውኖሎጂ ከሞላችሁ የኢሚውኖሎጂ ፕሮፌሰሮች ያነቡታል። ታሪካችሁ የሚገባው ለማን ነው? ያንን ምረጡ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዓመት ከተወሰነ ፕሮግራም በላይ ማመልከት ስለማይፈቅድ መመሪያውን አስቀድማችሁ እዩ።

ለእኛ የሚከብደው ሌላ ነገር ነው። ኤንአይኤች፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም፣ ለፕሮግራሞች የሚሰጠው የሥልጠና ገንዘብ ለአሜሪካ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው። በዚህ ገንዘብ ላይ የተደገፈ ፕሮግራም ለውጭ ተማሪ የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው። በ2025 ደግሞ በኤንአይኤች በጀት መናጋት የተነሳ ብዙ ፕሮግራሞች የሚቀበሉትን ቁጥር ቀንሰዋል፤ የሰጠውን ቅበላ የሰረዘም ነበር። ሁለት ዘርፍ እኩል ቢስባችሁ፣ የትኛው ብዙ የውጭ ተማሪ እንደሚወስድ ለፕሮግራሙ ጽሕፈት ቤት በኢሜይል ጠይቁ። ነውር የለውም፤ ይመልሳሉ። የማመልከቻ ክፍያ ይቅር እንዲባልላችሁም በዚያው ጠይቁ፤ ግን ማመልከቻውን ከመላካችሁ በፊት ይሁን። ለአንድ ማመልከቻ ወደ 100 ዶላር የሚጠጋ ክፍያ በእኛ ደመወዝ ቀልድ አይደለም።

ቀኑንም ያዙ። ብዙዎቹ የሚዘጉት ዲሴምበር 1 አካባቢ ነው፤ በእኛ ኅዳር 22 ገደማ። ቃለ መጠይቁ በጥርና በየካቲት ይሆናል። መልስ የመስጫ የመጨረሻ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ኤፕሪል 15፣ ማለትም ሚያዝያ 7 ነው። ጂአርኢ የሚባለውን ፈተና ብዙ የባዮሜዲካል ፕሮግራሞች ትተውታል። ቢሆንም እያንዳንዱን ገጽ አረጋግጡ።

አውሮፓስ?

አውሮፓ ውስጥ ፒኤችዲ በአብዛኛው እንደ ሥራ ማስታወቂያ ነው የሚወጣው። ፕሮጀክቱ ተጽፎ፣ ገንዘቡ ተመድቦ፣ አማካሪው ታውቆ «ተማሪ እንፈልጋለን» ይባላል። በስዊድንና በኔዘርላንድስ ተማሪው ደመወዝተኛ ሠራተኛ ነው። ጊዜው ከ3 እስከ 4 ዓመት ነው፤ ማስተርስ በአብዛኛው ይጠየቃል።

እዚህ ሮቴሽን የለም ማለት ይቻላል። የምታመለክቱበት ፕሮጀክት ራሱ ዘርፋችሁ ነው። ስለዚህ ምርጫው ይጠብቃል። ጀርመን ያሉት የማክስ ፕላንክ የምርምር ትምህርት ቤቶችና የእንግሊዝ የዶክትሬት ሥልጠና ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ መጠነኛ የመሞከሪያ ጊዜ ይሰጣሉ፤ እርግጠኛ ላልሆነ ሰው እነዚህ ይሻሉታል።

አገር ውስጥ ብማርስ?

ስሙ በጣም የሚከብደው እዚህ ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ።

በአገራችን ለፒኤችዲ ማስተርስ ያስፈልጋል። ማስተርሱ ደግሞ ከምታመለክቱበት ዘርፍ ጋር እንዲዛመድ ይጠበቃል። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠው ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ። ከዚያ የዩኒቨርሲቲው ቃለ መጠይቅ ወይም ፈተና፣ የጥናት መነሻ ሐሳብ፣ የመሥሪያ ቤት ስፖንሰርሺፕ ይከተላል። ከገባችሁ በኋላ ከሜዲካል ማይክሮባዮሎጂ ወደ ፋርማኮሎጂ ልዙር ማለት እንደገና የማመልከት ያህል ነው።

ሌላው ደግሞ ከምረቃ በኋላ ይመጣል። የዩኒቨርሲቲ ቅጥር ማስታወቂያ የዲግሪውን ስም ቃል በቃል ይጽፋል። «በሜዲካል ፓራሲቶሎጂ» ብሎ ካወጣ «ግሎባል ሄልዝ ሳይንስ» የሚል ዲግሪ የያዘ ሰው ሥራው አንድ ቢሆን እንኳን ለማስረዳት ይቸገራል። ከውጭ የመጣ ዲግሪ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ይሠራለታል፤ እዚያም የሚታየው የተጻፈው ስም ነው። ውጭ ተምሮ መመለስ የሚያስብ ሰው ዲግሪው ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ። አሜሪካ ውስጥ «ባዮሜዲካል ሳይንስ» ብቻ ብለው የሚጽፉ አሉ። እንዲህ ከሆነ የኮርሶቻችሁን ዝርዝርና የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርዕስ የሚያስረዳ ደብዳቤ ከትምህርት ክፍሉ አስጽፉ።

በሌላ በኩል አገር ውስጥ መማር የራሱ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ጥያቄው ደጃችሁ ላይ ነው። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሐረር ከተማ ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲው ምሥራቅ ሐረርጌ ባለችው ቀርሳ ላይ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕዝብ ጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ያካሂዳል። በቀርሳና በሐረር የሕፃናትን ሞት መንስኤ የሚመረምረው «ቻምፕስ» የተባለው ዓለም አቀፍ ፕሮግራምም አለ፤ ከሞቱ ሕፃናት በመርፌ ትንሽ ናሙና ወስዶ በፓቶሎጂና በማይክሮባዮሎጂ ያጠናል። በውጭ ያለ ተማሪ እንዲህ ያለ ቦታ ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። አዲስ አበባ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ደግሞ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ የፒኤችዲ ተማሪዎችን ላብ ያሠራል። እዚህ ተመዝግቦ የላብ ሥራውን ከፊል ውጭ ሄዶ መሥራትም ይቻላል፤ «ሳንድዊች» የሚሉት ይህንን ነው።

ዘርፉን ላስቀድም ወይስ አማካሪውን?

እንደ እኔ አማካሪው ያመዝናል። መካከለኛ ዘርፍ ከጥሩ አማካሪ ጋር ሰው ያደርጋል። የሚወዱት ዘርፍ ከማይመልስ፣ ከማያነብ፣ ገንዘብ ከሌለው አማካሪ ጋር ግን ዓመታት ይበላል።

ከሐረር ሆኖ ማጣራት ይቻላል፤ ኢንተርኔት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ፐብሜድ የሚባለው የሕክምና ምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ በነፃ ነው። የፕሮፌሰሩን ስም ጻፉና ያለፉት 5 ዓመታት ሥራዎቹን እዩ። የመጀመሪያ ስም ሆነው የሚጻፉት ተማሪዎቹ ናቸው? ወይስ ሁልጊዜ እሱ ራሱ ነው? በባዮሜዲካል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ሥራውን በዋናነት የሠራው መጀመሪያ፣ የላቡ ኃላፊ መጨረሻ ላይ ነው የሚጻፈው። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ላይ ከታዩ ጥሩ ምልክት ነው። አሜሪካ ከሆነ «ኤንአይኤች ሪፖርተር» የሚባል የመረጃ ቋት አለ። ፕሮፌሰሩ ምን ያህል የምርምር ገንዘብ እንዳለውና መቼ እንደሚያልቅ ለማንም ክፍት ነው። ገንዘቡ በሚቀጥለው ዓመት የሚያልቅ ላብ ውስጥ መግባት እንቅልፍ ይነሳል።

ከዚያ የቀድሞ ተማሪዎቹን ፈልጉ። አሁን የት ናቸው? ስንቱ ጨረሰ? ለአንዱ አጭር መልእክት ጻፉ። «ጎበዝ ነው» የሚል መልስ ብዙ አይነግርም። «ረቂቅ ስትልኩለት በስንት ጊዜ ይመልሳል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ይህን ሲመልሱ ብዙ ነገር ይወጣል።

ወደ አገር ልመለስ ካሰብኩ ምን ይለወጣል?

ዘዴው በሻንጣ ይገባል ወይ የሚለው ይጨመራል። በሚሊዮን ዶላር በሚቆጠር አንድ ማይክሮስኮፕ ላይ ብቻ የቆመ ሙያ ይዛችሁ ድሬዳዋ ብትገቡ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ልትቀመጡ ትችላላችሁ። ኬሚካሉ በውጭ ምንዛሬ ነው፤ ማሽኑ ሲበላሽ የሚጠግነው ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ መብራቱም እንደምታውቁት ነው። ይህን የምለው ትልቅ ነገር አትመኙ ለማለት አይደለም። ከከባዱ ዘዴ ጎን አንድ የሚጓዝ ሙያ ያዙ። የዘረመል መረጃን በኮምፒውተር መተንተን አንዱ ነው። መረጃው በዓለም አቀፍ ቋቶች በነፃ ይገኛል፤ አር እና ፓይተን የሚባሉት መሣሪያዎችም ነፃ ናቸው። የዘረመል ቅደም ተከተል የሚያነቡ፣ በእጅ የሚያዙ ትናንሽ መሣሪያዎችም መጥተዋል።

የዓላማ መግለጫው ላይ እንዴት ልጻፈው?

ሁለት ስህተት ይበዛል። አንዱ «ሁሉም የባዮሜዲካል ዘርፍ ይስበኛል» ማለት ነው። አንባቢው ይህን ሲያይ አመልካቹ አላሰበበትም ይላል። ሌላው ደግሞ «ከፕሮፌሰር እገሌ ጋር ካልሆነ» ብሎ አንድ ሰው ላይ መንጠልጠል ነው። ያ ፕሮፌሰር በዚያ ዓመት ተማሪ ካልወሰደ ማመልከቻው ይወድቃል።

መሀሉ ይህን ይመስላል፦ «ላብ ስሠራ በፈጣን ምርመራ ነፃ የተባሉ፣ በማይክሮስኮፕ ግን ወባ የተገኘባቸው ሕሙማን አይቻለሁ። ምርመራውን የሚያስመልጠው የዘረመል ለውጥ እንዴት እንደሚስፋፋ ማጥናት እፈልጋለሁ። ስለዚህ የጥገኛ ተሕዋስያን ጂኖሚክስ ላይ የሚሠሩት ላቦች ይስቡኛል» ብሎ ሁለት ሦስት ስም መጥራት። ጥያቄው ከራሳችሁ ሥራ የመጣ ነው፤ ዘርፉ ተጠርቷል፤ በሩ ግን አልተዘጋም። የላብራቶሪ ባለሙያ ሆኖ በቀን ብዙ ናሙና ያየ ሰው ይህን ዓይነት ጥያቄ አያጣም። እሱ ተራ ሥራ ይመስለዋል እንጂ አንባቢው የሚፈልገው ይህን ነው።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁ መምህራንም ምን እንደመረጣችሁ ይወቁ። እናንተ ጂኖሚክስ ብላችሁ መምህሩ «ለሕክምና ሙያ የተፈጠረች» ብሎ ቢጽፍ አይገጥምም። መግለጫችሁን አስቀድማችሁ ላኩላቸው።

ከገባሁ በኋላ ሐሳቤን ብለውጥስ?

አሜሪካ ከሆነ በመጀመሪያው ዓመት መለወጥ የተለመደ ነው፤ ሮቴሽኑም የተሠራው ለዚህ ነው። ካንሰር ብሎ ገብቶ በኢሚውኖሎጂ የሚወጣ ብዙ ነው። የብቃት ፈተናውን ካለፋችሁ በኋላ ግን ላብ መቀየር ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ያስከፍላል። አውሮፓና አገር ውስጥ ዘርፉን ከመቀየር ይልቅ በዘርፉ ውስጥ ጥያቄውን ማስተካከል ይቀላል፤ ይህም የሚሆነው ፕሮፖዛሉ ከመጽደቁ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መውጫ ድኅረ ዶክትሬት ነው፤ ከምረቃ በኋላ በሌላ ላብ የሚሠራ የጥቂት ዓመታት ምርምር ማለት ነው። ዘርፍ የሚቀይሩ ብዙ ሳይንቲስቶች የሚቀይሩት በዚህ ጊዜ ነው። እዚያ ላብ የሚቀጥራችሁ ሰው በዋናነት የሚያየው የሠራችሁትን ሥራና የምታውቁትን ዘዴ ነው።